«ብርድ ነው» ያለኝ ሰው

የሸኙኝ ቀን ሜትረኗ ወረቀት ይዛ ቆመችና «በሲስተር የሺ እጅ አንድም በሽተኛ አልተጎዳም» ብላ አነበበች። ተጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረጠ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ኬኬን በላሁ። እሱስ ልክ ናት፤ በእጄ የተጎዳ ሰው የለም። እኔ ሰው የጎዳሁት በአፌ ነው። ጋሽ ታደለ የሚባል የአገሬ ሰው፣ የኩላሊት ጠጠሩን በሌዘር ልናወጣለት አስተኝተነው፣ እኔ በተናገርኩት አንድ ቃል ሞቷል። ሚስቱ ጽጌ ይህን አታውቅም። በየእሁዱ ቤተክርስቲያን ስንገናኝ እያቀፈችኝ፣ «እስከ መጨረሻው ያልተለየሽው አንቺ ነሽ» እያለችኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልኳት። ጡረታ ስወጣ ያልጨረስኩት ሥራ ይሄ ብቻ ነበር።

ናይሮቢ የመጣሁት ነርስነት ተምሬ፣ ባሌን ተከትዬ ነው። ባሌ ብዙም ሳይቆይ ሌላዋን ተከትሎ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። መጀመሪያ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክሊኒክ ገባሁ። መርፌ እወጋለሁ፣ አስተረጉማለሁ፣ ወለሉንም እወለውላለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት በሽተኛው ሳይቀመጥ መድኃኒት የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ከእሱ የተማርኩት መፍጠንን ብቻ ነው። የሥራ ፈቃዴ ወረቀት ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲንከራተት ጸጉሬ ሸበተ። በመጨረሻ አንድ የግል ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ተቀጠርኩና እስክወጣ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ደሞዙ ለካሳራኒ ሰፈር ቤት ኪራይና ለማታቱ ታክሲ ይበቃ ነበር፤ ሌላውን አትጠይቁኝ።

ሥራ ያስተማረችኝ ማማ ንጄሪ ናት፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ አለቃ። አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴትዮ። ስትቆጣ ጭራሽ ድምፅዋ ይጠፋል፤ ያኔ ነው መፍራት። በሽተኛ ሲመጣ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን፣ የእጇን ጀርባ አንገቱ ሥር ታስገባለች። ከዚያ እግሩን ትይዛለች። አንገቱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ «ይሄን ሰው አላምነውም» ትልና ዶክተሩ እስኪመጣ ታስቆመዋለች። ስንት ዶክተር ተነጫንጮባታል! እሷ እቴ፣ ጎማ ጫማዋን እያንሸራተተች ሻይዋን ልትጠጣ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ደግሞ ነበራት። በሽተኛው ያለውን እሱ ባለው ቃል ነው የምታጽፈን። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ «ሆዴ ውስጥ ሰው ይሄዳል» አሉ፤ እኔ «ሆድ ቁርጠት» ብዬ ጻፍኩ። ማማ ንጄሪ ወረቀቱን አየችና ሰረዘችው።

«ሰውየው እንደዚህ አለ?» አለችኝ።

«አይ፣ ግን ማለት የፈለገው…»

«የሺ፣ ያለውን ጻፊ። የገባሽን ዶክተሩ ራሱ ይገባዋል።»

በልቤ «አቤት ማካበድ!» ብያለሁ። እኔ ደግሞ ሰው የሚለው ሳይሆን ማለት የፈለገው ነው ቶሎ የሚገባኝ። በተለይ ያገሬ ሰው ከሆነ፣ ሳይጨርስ ነው የምጨርስለት። ይሄ ተሰጥኦዬ ይመስለኝ ነበር።

ሌዘር ከመምጣቱ በፊት ጠጠር የምናወጣው ጎን ቀድደን ነበር። ሰውየው ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ይዞ፣ ሳምንት ተኝቶ፣ ሲያስል ጎኑን ደግፎ ይሄዳል። ሌዘሩ ሲመጣ ተአምር ነው ያልነው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ይገባል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠጠሩ ጋ ይደርሳል። በቱቦው ውስጥ የመስታወት ክር ትሾልካለች፤ ከስፌት ክር ትንሽ ወፈር የምትል። ብርሃኑ በእሷ ነው የሚሄደው። ጠጠሩን ዱቄት ያደርገዋል፣ ውኃው ያጥበዋል፣ በቃ።

ክሯን መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። ክሯን አጥብቀሽ ከጠቀለልሻት ትሰበራለች። የተሰበረች ክር ደግሞ ብርሃኑን ጠጠሩ ላይ ሳይሆን መሣሪያው ውስጥ ትለቀዋለች፤ ያ ሁሉ ውድ ካሜራ ይቃጠላል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እንደ ሰፌድ እጠቀልላታለሁ፣ ጫፏን በመቁረጫ አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ቀዩን መብራት ነጭ ጨርቅ ላይ አበራለሁ። ቀዩ ነጥብ ክብ ከሆነ ደህና ናት፤ ከተንጋደደ እንደገና ይቆረጣል። በመጀመሪያው ወር አንዷን ሰብሬያለሁ። ማማ ንጄሪ ስብርባሪውን ጠርሙስ ውስጥ ከትታ ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ አስያዘችኝ። ከዚያ ወዲህ ክር ሰብሬ አላውቅም።

ውኃውም የእኔ ነበር። ካሜራው ሲደፈርስ ውኃውን በእጅ ፓምፕ እየጨመቅሁ አሳልፋለሁ። ብዙ ከተጨመቀ ኩላሊቱ ይወጠራል። ውስጡ መግል ካለ ደግሞ መግሉ ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው በሌዘር አይነካም። ሽንቱ እንዲያልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ይገባለትና ይመለሳል፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ሌላ ቀን ይመጣል። ይሄን እንቅልፌ ውስጥ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ።

ማሽኑ የሆስፒታላችን አልነበረም። የሚከራይ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በመኪና ተጭኖ ከባለሙያው ጋር ይመጣል። ሐሙስ ያመለጠው ሰው ተራው እንደገና እስኪደርስ ሳምንታት ይጠብቃል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ረቡዕ ላይ «ደህና ነኝ» የሚለው።

ያገሬ ሰዎች በእኔ በኩል ነበር የሚመጡት። ከጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ፣ ነጋዴዎች ይመጣሉ። ሁሉም ሲታመም የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው።» ጎኑን የያዘው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ሽንቱ ደም የሆነው ራሱ «ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው» ይላል። እኔም እስቅባቸዋለሁ። ዳክታሪም ነገሩን ለምዶት፣ አበሻ በሽተኛ ሲገባ «ሲስተር፣ ይሄኛውንም ብርድ ነው የመታው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ዳክታሪ የምለው የሽንት ቧንቧ ሐኪማችንን ነው። ኬንያዊ፣ ወጣት፣ ጥሩ እጅ ያለው፣ ትሑት ልጅ።

ማማ ንጄሪ ጡረታ ወጥታ አገሯ ገባች። በእሷ ቦታ የመጣችው አለቃ ቅጽ የምትወድ ነበረች። ትኩሳት፦ የለም። ብርድ ብርድ ማለት፦ የለም። ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። የሰው ቃል መጻፊያ ቦታ ወረቀቱ ላይ ጠፋ። እኔም አልናፈቀኝም፤ እውነቱን ልናገር።

ጋሽ ታደለ ምግብ ቤት ነበረው፤ ራሱ ነው የሚያበስለው። ከእሳቱ ፊት ቆሞ ይውላል፣ ያልበዋል፣ ውኃ አይጠጣም። እንዲህ ያለ ሰው ጠጠር ካልያዘው ማን ይያዘው? ምግብ ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ጎኑን ይዞ አየዋለሁ።

«ጋሽ ታደለ፣ ተመርመር።»

«ኧረ ተይኝ የሺዬ፣ ብርድ ነው!»

«ከእሳት ፊት የሚውል ሰው በየት በኩል ነው ብርድ የሚመታው?»

«ከኋላ በኩል!» ብሎ ይስቃል። እኛም እንስቃለን። ወራት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ጽጌ እያለቀሰች ስትለምነኝ ጎትቼ አመጣሁት። ራጅ ሲነሳ ጠጠሩ የሽንት ቧንቧው ላይ ተቀርቅሮ ተገኘ። «በል፣ ይኸውልህ ብርድህ!» ብዬ ፊልሙን አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር «ብርዴ እንዴት ናት?» ይለኝ ነበር።

የሽንት ምርመራው ንጹሕ ነው ተባለ። ጠጠር መንገዱን ሲዘጋ ከበላዩ የታቆረው ወደ ታች ስለማይወርድ እንደማይመረመር አውቃለሁ። ሐሙስ ተቀጠረ።

ወሩ ሐምሌ ነበር። የናይሮቢ ሐምሌ ፀሐይ የለውም፤ ሰው ሁሉ ጃኬት ለብሶ ነው የሚውለው። ጋሽ ታደለ ጠዋት ሲመጣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ስቦ ጠበቀኝ።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሕመሙስ?»

«ያው ነው። ብርድ ነው፣ የሺዬ። ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ልብ በሉልኝ። «ብርድ ነው» አለ፤ ቀጥሎ «ብርድ ብርድ ይለኛል» አለ። የመጀመሪያው የሁላችንም ወግ ነው። ሁለተኛው በሽታ ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሕፃን ይለየዋል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ስሰማ ጆሮዬ ተዘጋ፤ ቀልዱን የጀመረልኝ መሰለኝ። «ዛሬም አልተውካትም? ብርድህን ልናወጣልህ ነው፤ ዝም ብለህ ተኛ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ፈገግ አለ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ቴርሞሜትሩ ትኩሳት የለም አለ። አንገቱ ሥር እጄን አላስገባሁም።

ዳክታሪ በዚያው በኩል ሲያልፍ «ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም መለስኩ፤ «ምንም። ያው የእኛ ሰው ወግ ነው፤ ብርድ ነው ይላል። ከእኔ ጋር ይቀልዳል።»

ያቺ ናት። ሌላ የለም። አማርኛ የማታውቅ ነርስ ብትሆን በምልክት ጠይቃ «ይበርደዋል ይላል» ትል ነበር፤ ዳክታሪም ያስቆመው ነበር። የገደለው አማርኛ ማወቄ ነው።

ማደንዘዣው ተሰጠ። ዳክታሪ ቱቦውን አስገባ። ጠጠሩን አልፎ ቱቦውን የሚመራ ቀጭን ሽቦ ሲሰድድ ከላይ የወረደው ሽንት እንደ አጓት የደፈረሰ ነበር። ዳክታሪ እጁን አቆመ።

«ሲስተር፣ ትኩሳት ነበረው?»

ወረቀቱን አየሁ። «የለውም።»

«መንቀጥቀጥ? ብርድ ብርድ ማለት?»

ወረቀቱ ላይ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አለ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። «የለም» አልኩ። እንዲህ ስል ውስጤ አንድ ነገር እንደ መርፌ ወጋኝ፤ ግን አፌ ቀድሞ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያን ቀን ገባኝ።

«የደፈረሰው ጠጠሩ ስለቆየ ይሆናል» አለና ቀጠለ። እኔም እንዲታየው ውኃውን በእጄ ጨመቅሁ። ጨመቅሁ፣ ጨመቅሁ። ክሯ ተስተካክላ፣ ቀዩ ነጥብ ክብ ሆኖ፣ ጠጠሩ እንደ ዱቄት በነነ። ብታዩት እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርተን አናውቅም። የማሽኑ ባለሙያ ራሱ አጨበጨበ።

ከቀትር በኋላ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ሲንቀጠቀጥ የአልጋው ብረት ግድግዳውን ይመታ ነበር። የደም ግፊቱ ወረደ። መድኃኒት ተሰጠ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። አንዴ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። ኮሪደሩ ላይ ጽጌ ራሷን ስትጥል የያዝኳት እኔ ነኝ። እዚህ ያደገችው ልጃቸው ሊዲያ «አንቲ፣ ዋት ሃፐንድ? ትንሽ ኦፕሬሽን ነው አላላችሁም?» እያለች ልብሴን ትጎትት ነበር። «ኢንፌክሽን ነው፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ውሸት አይደለም። ከውሸት የከፋ ነው።

ስብሰባ ተደረገ። ዳክታሪ ሁሉም ፊት ተነሥቶ፣ «ሽንቱን ሳይ ማቆም ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ወረቀቱ ተነበበ፤ ብርድ ብርድ ማለት፦ የለም። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ፈሪ ነኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ቁጭ አልኩ። ያ ልጅ ከወራት በኋላ ሥራውን ለቆ ሌላ ከተማ ሄደ። ሲሰናበተኝ «ሲስተር፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ አይደለም። ክሯን እጠቀልላለሁ፣ ውኃውን እጨምቃለሁ። የበሽተኛን አንገት መቶ ጊዜ እነካለሁ፤ ሰው አብዳለች እስኪል። ያገሬ ሰው ሲመጣ «እኔ አላስተረጉምም፣ ሌላ ፈልጉ» እላለሁ። ኩራት መሰላቸው።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጽጌ ቤት ሄድኩ። ምግብ ቤቱን ለሌላ ሰው ትታ ከእኔ ብዙም በማይርቅ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሊዲያ ጋር ትኖራለች። ሊዲያ ሥራ ሄዳለች። ጽጌ ጉልበቷን በጨርቅ አስራ፣ ሶፋውን ይዛ ተነሣችልኝ።

«ጉልበትሽን ምን ሆንሽ?»

«ዕድሜ ነዋ! ግቢ፣ ግቢ። ጡረተኛዋ!»

ሻይ ልታፈላ ስትል እጇን ያዝኳት። «ተቀመጪ ጽጌ፤ ከተቀመጥሽ ነው የምናገረው» አልኳት። ነገርኳት። አንድም አላስቀረሁም። ያለኝን ቃል፣ የሳቅሁትን ሳቅ፣ ዳክታሪ ሲጠይቀኝ የመለስኩትን፣ በኋላም «የለም» ማለቴን፣ ሁሉንም። ስጨርስ አላለቀሰችም። የታሰረውን ጉልበቷን ስታሻሽ ቆየች።

«ብርድ ብርድ ይለኛል አለሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንዳትናገር ብዬው ነበር።»

አልገባኝም።

«ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ተንቀጥቅጦብኛል» አለች። «ጋቢ ደረብኩለት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ። አላቆመም። እሳት ሆነ። ፓናዶል ሰጠሁት። ጠዋት ልንወጣ ስንልም ደግሜ ሰጠሁት፤ ትኩሳቱ ጠፋ። ለየሺ እንዳትነግራት፣ ከሰማች ትመልሰናለች፣ ማሽኑ የሚመጣው ሐሙስ ብቻ ነው፣ ደግሞ ስንት ሳምንት ልትሰቃይ ነው አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ብሎኝ ነው የሄደው።»

ቴርሞሜትሩ ለምን እንደዋሸኝ አራት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር ገባኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ለንስሐ አባቴ ባሌን ገደልኩ ብዬ ተናገርኩ። ሳታውቂ ነው ብለው አጽናኑኝ፤ ቀኖና ሰጡኝ፤ ስግደት። ቀኖናው አለቀ። እኔ ግን አልቀለለኝም፤ አላቆምኩም። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሰግዳለሁ። ለሊዲያ እንኳ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እሱ ግን ነግሮሻል። እኔ ዝም በል ያልኩትን እንኳ ለአንቺ ነግሮሻል። ታዲያ የሺ፣ እኔ እስከ ዛሬ የማንን ቀኖና ስሰግድ ነው የኖርኩት?»

«የእኔን» አልኳት። «አንቺ ሚስት ነሽ፤ ሚስት ይሄን አታውቅም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ። የእኔን ነው።»

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ።»

እኔ እሷን ከሐዘን ያዳንኩ እየመሰለኝ ነበር ዝም ያልኩት። አይደለም፤ ራሴን ነበር ያዳንኩት። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ይሄን ሸክም ብቻዋን አትሸከመውም ነበር። በየእሁዱ ስታቅፈኝ እሷም የራሷን ደብቃ ነው። ሁለታችንም አንድ ሰው ገድለን፣ አንዳችን ሌላችንን እያጽናናን ነበር የኖርነው።

«በይ ሂጂ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረውም። «ሂጂ፣ ደክሞኛል።»

ሄድኩ። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ባወራው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ሰውም ይላል። አልቀለለኝም። በቀጣዩ እሁድ ቤተክርስቲያን አልመጣችም፤ ከዚያ በቀጣዩም። ስደውል አታነሳም።

ትናንት ሊዲያ ደወለች።

«አንቲ የሺ፣ ከማሚ ጋር ምን ተባባላችሁ?»

«ምን ሆነች?»

«ስግደቱ፣ አንቲ! ድሮ ጠዋት ሰግዳ ትጨርስ ነበር፣ ኦኬ? አሁን ትጨርስና ትንሽ አርፋ እንደገና ትጀምራለች። ጉልበቷ አብጧል፣ ደረጃ መውረድ አትችልም። ለምን ደገምሽው ስላት፣ ‹ይሄኛው የየሺ ነው› ትላለች። የየሺ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ፕሊዝ አንቲ፣ አንቺን ትሰማሻለች፤ ደውይና አስቁሚያት።»

ደወልኩ። ዛሬም ደውያለሁ። አታነሳም።